የልያ ዐይኖች፤ ለመልክ ሲባል ስለሚደረግ የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገርበት አርእስት በዐውደ ምሕረት ላይ ሲነገር እምብዛም ያልተለመደ ነው። ሆኖም ከንስሐ ልጆቻችን አፍ ተደጋግሞ ስለ ቀረበልን ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ «የዐይኔ ቆብ ወርዶ ፊቴን አስረጅቶታል፤ ሐኪም ትርፉን ቈዳ ቈርጦ ሊያቃናልኝ ይችላል፤ ባስደርገው እበድላለሁን?»

ይህን የሚጠይቁን ሰዎች አንድ ዐይነት አይደሉም። ዕድሜዋ ከዐምሳ ዓመት ያለፈ፥ ልጆቿና ጎረቤቶቿ «ምነው ደከመሽ? አልቅሰሽ ነበር እንዴ?» እያሉ የሚያሳቅቋት እናት ትጠይቀናለች። ሠርጓ የቀረበ ወጣት ትጠይቀናለች። በባዕድ አገር ተቀጥሮ የሚኖርና፥ ያረጀ መስሎ መታየቱ እንጀራውን እንዳያሳጣው የሚሠጋ ወንድም ይጠይቀናል። ከተወለደ ጀምሮ የአንድ ዐይኑ ቆብ ሳይነሣ የቀረ ሰውም ይጠይቀናል።

ለእነዚህ ሁሉ ሁለት ፈጣን መልሶች ከግራና ከቀኝ ይሰጧቸዋል። አንደኛው «እግዚአብሔር የሠራውን በምላጭ መንካት ድፍረት ነውና ተዉት» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፊቱም የራሳችሁ፥ ገንዘቡም የራሳችሁ፤ ማን ከልካይ አለባችሁ?» የሚል ነው። ፊተኛው መልስ ሕመምተኛውንና ጌጥ ፈላጊውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል፤ ኋለኛው ደግሞ ሰውን ከነፍሱ ለይቶ ሥጋ ብቻ ያደርገዋል። በፍትሐ ነገሥታችን ይህን ሕክምና በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን እንዳስተማራቸው፥ የተፈቀደው ሁሉ የሚጠቅም አይደለም። እንግዲህ አስቀድመን የዐይን ቆብ ለምን እንደ ተሰጠን እናያለን፤ ቀጥለን ሕክምናው ፈውስ የሚሆንበትን፥ ከዚያም መልክ ብቻ የሚፈለግበትን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም አንድ ክርስቲያን በዚህ ነገር እንዴት አድርጎ ቢወስን እንደሚሻል ምክራችንን እንሰጣለን።

በአማርኛችን ዐይንን የሚከድነው ሥጋ «ቆብ» ይባላል። መነኵሴ ዓለምን መናቁን የሚያሳይበት የራስ ልብሱም «ቆብ» ይባላል። አንዱ ስም ለሁለቱ መዋሉ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው። መነኵሴ ቆቡን በደፋ ጊዜ ከማይጠቅመው ነገር ይከለላል፤ ዐይንም ቆቡን በከደነ ጊዜ ከአቧራና ከነፋስ፥ ከሚያቃጥል ብርሃንና ሊያየው ከማይገባ ነገር ይከለላል። ንጉሡ ዳዊትም ለአምላኩ ማደሪያ ስፍራ እስኪያገኝ ድረስ ለዐይኑ ቆብ ዕረፍት እንዳይሰጠው መሳሉን በመዝሙሩ እንማራለን። ስለዚህ የዐይን ቆብ መክደንም መነሣትም ለጽድቅ ሊውል ይችላል፤ ይከደናል፥ ከኀጢአት ለመሸሽ፤ ይነሣል፥ ለጸሎት ለመትጋት።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ደግሞ የዐይን ቆብ ቈዳ በሰውነታችን ካለው ቈዳ ሁሉ እጅግ የሣሣ፥ ውፍረቱም ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እኛ ሳናስበው በየደቂቃው ከ10 ጊዜ በላይ ይከደናል፥ ይገለጣል፤ በተከደነም ቍጥር እንባችንን በዐይናችን ፊት ላይ አልብሶ ያጥበዋል፥ ያረጥበዋል። በሚገባ የማይከደን ዐይን ይደርቃል፥ ይቈስላል፤ ብርሃኑም ይጐዳል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ስስ ቈዳ ይላላል፤ ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ይደክማል፤ ከበስተኋላ ያለው ስብም ወደ ፊት ይገፋና ያብጣል። ይህ እንደ ሽበት ያለ የዕድሜ ሥራ ነው እንጂ ነውር አይደለም።

ስለ ሕክምናው ስንናገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወሰን የሚገባው የውበት ነገር አይደለም። የዐይን ማዝ ወይም ትራኮማ የሚባለው ደዌ በዓለም ላይ እጅግ በርትቶ የሚገኘው በአገራችን በኢትዮጵያ ነው። ይህ ተላላፊ በሽታ በዝንብ፥ በእጅና በጨርቅ ከዐይን ወደ ዐይን ይሄዳል። ከልጅነት ጀምሮ በተደጋገመ ቍጥር የቆቡን ውስጥ ያጠባሳል፤ ጠባሳውም ቆቡን ወደ ውስጥ ያዞረዋል፤ በዚህ ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ዐይን ተመልሶ ብሌኑን እየፋቀ ያቈስለዋል፤ ካልታከመም ያሳውራል። ሕፃናትን የሚያቅፉና የሚያጥቡ እናቶች ስለ ሆኑ፥ ይህ የመጨረሻው ደረጃ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። በየገጠሩ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እየነቀሉ፥ ፀሓይ በወጣ ጊዜ ፊታቸውን በነጠላ እየሸፈኑ የሚኖሩ እናቶች አሉን። ለእነዚህ እናቶች በጤና ጣቢያ የሠለጠነ ነርስ ስፍራውን ብቻ አደንዝዞ የሚሠራው አጭር ቀዶ ሕክምና ቆቡን ወደ ውጭ መልሶ ዐይናቸውን ያድናል።

እንዲሁም ሕፃን ሲወለድ የአንድ ዐይኑ ቆብ ወርዶ ብሌኑን የጋረደው እንደ ሆነ፥ ያ ዐይን ማየትን ሳይማር ይቀራል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቆቡ ቢነሣለት እንኳ ብርሃኑ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ወላጆች «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው ሊያቈዩት አይገባም። በሽማግሌዎችም ላይ የላላው ቈዳ ሽፋሽፍቱን ዐልፎ ሲወርድ ከላይና ከጐን ያለውን እንዳያዩ ይከለክላቸዋል፤ ለማየት ሲሉ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሲስቡ ስለሚውሉ ማታ ማታ ግንባራቸውን ያማቸዋል።

ይህን ሁሉ ማከም ኀጢአት የሚሆንበት አንዳች ምክንያት የለም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፥ ጥበቡም ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠው እንድናውቅ ያዝዘናል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጦቢት ዐይኑ በጠፋ ጊዜ፥ ልጁ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር ካመጣው ከዓሣ ሐሞት ፈውስ አግኝቷል። መድኃኒታችን ራሱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲፈውስ በቃሉ ብቻ ማድረግ ሲቻለው ጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ልኮታል። በፍጥረት አማካይነት መፈወስን አልናቀምና፥ እኛም ልንንቅ አይገባንም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ባለታሪኳ እንድንናገረው ፈቅዳልናለች። አንዲት አሮጊት እናት ልጇ ከአሜሪካ «ገንዘቡን እልካለሁ፥ ዐይንሽን ታከሚ» ብትላት፥ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቁንጅና ፈልጌ በእግዚአብሔር ሥራ እገባለሁን?» ብላ ለሁለት ዓመት ያህል እንቢ ስትል ኖረች። በመካከሉ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ወደ እኛ በመጣች ጊዜ አስቀድማ ዐይኗን እንድትመረመር መከርናት። ሐኪሙ የማየት ስፋቷን በመሣሪያ ለካ፤ የላይኛው የእይታዋ ክፍል በላላው ቈዳ ተጋርዶ ተገኘ። ከታከመችም በኋላ ለብዙ ጊዜ አጣጥፋ ያስቀመጠችውን ዳዊቷን ዛሬ እየደገመች ነው። ይህች እናት ትሕትና መስሏት የያዘችው ነገር ዐይኗን ይዞባት ነበር። በደል ያልሆነውን በደል ብለን ስንከለክል ሰውን ልንጐዳ እንደምንችል ከዚህ እንማር።

በዓለምም ሕግ ቢሆን ይህ ልዩነት ታውቋል። በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን፥ የወረደው ቆብ እይታን መጋረዱ በምርመራ ሲረጋገጥ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ለመልክ ብቻ ሲሆን ግን አይሸፍንም። ጥበቡም ራሱ በፈውስ ላይ ተመሥርቶ ያደገ ነው። ከጌታ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሓፊ ቄልሱስ የላላውን የዐይን ቆብ ቈርጦ ስለ መስፋት ጽፏል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. ደግሞ ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፌ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም፥ በነቀርሳ ምክንያት የተቈረጠን የዐይን ቆብ መልሶ ለማበጀት ለሚደረገው ሥራ፥ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን «ብሌፋሮፕላስቲ» የሚለውን ስም ሰጠው። ያን ጊዜ ስሙ የጐደለውን መተካት ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ምንም ሳይጐድልበት የሚፈልገው ሰው በዝቷል።

ስለዚህ አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር እንምጣ። ዐይን ሳይታመም፥ እይታም ሳይጋረድ፥ መልክን ለመለወጥ ብቻ ሲፈለግ ምን እንበል?

አስቀድመን ቁንጅና የሚባለው ነገር በየአገሩና በየዘመኑ የተለያየ መሆኑን እናስተውል። በሩቅ ምሥራቅ ብዙ ሰዎች በላይኛው የዐይን ቆባቸው ላይ እጥፋት ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. ሚካሞ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ይህን እጥፋት በስፌት ማውጣት እንደሚቻል ጽፎ አስታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ በጃፓንና በኮሪያ ሥራው እየተስፋፋ ሄዷል። እነርሱ በምላጭ የሚፈልጉት እጥፋት በእኛ አገር ሰው ፊት ላይ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው፤ በእኛም ዘንድ በዚህ ደስ ተሰኝቶ እግዚአብሔርን የሚያመሰግን ሰው አልሰማንም። ሰው የሌለውን ይመኛል፤ ያለውን ግን አይቈጥረውም።

የአብያተ ክርስቲያናችን ሠዓልያንም ቅዱሳንን ፊት ለፊት በሁለት ትላልቅ ዐይኖች፥ ክፉዎችን ግን በጐን በአንድ ዐይን ብቻ መሣል የቈየ ልማዳቸው ነው። ይህ ስለ ደም ግባት የተሣለ አይደለም። የጻድቅ ዐይን ሰፍቶ መሣሉ ወደ እግዚአብሔርና ወደ ባልንጀራው የቀና መሆኑን ሲያሳይ፥ የክፉው በአንድ ዐይን መቅረቱ ቅንነት ማጣቱን ያሳያል። እንዲህ ያለውን የዐይን መከፈት ሐኪም ሊሰጠው አይችልም።

አሁን ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ስለ ዐይኖቿ የተጻፈላትን አንዲት ሴት እናስባት፤ እርሷም የላባ ታላቂቱ ልጅ ልያ ናት። እኅቷ ራሔል መልከ መልካም እንደ ነበረች መጽሐፍ ይነግረናል። ስለ ልያ ግን የሚነግረን ዐይኖቿን ብቻ ነው፤ ደካሞች ነበሩ የሚሉ አሉ፥ ልሞችና ለስላሶች ነበሩ ብለው የሚተረጕሙም አሉ። የሆነ ሆኖ ያዕቆብ የወደደው ራሔልን ነው። ልያ ሳትፈለግ በአባቷ ተንኰል በጨለማ ተሰጠች፤ በነጋ ጊዜም ባሏ ፊቷን አይቶ አዘነ። እስቲ ይህን ነገር እናንተ እኅቶቻችን በልባችሁ መዝኑት። የገዛ ባል በጧት ፊትን አይቶ «ይህች አይደለችም» ማለቱን ከመስማት የሚበልጥ ምን ቍስል አለ? በዚያን ጊዜ ዐይንን የሚያስውብ ሐኪም ቢኖር ኖሮ፥ ከልያ ይልቅ ወደ እርሱ ለመሄድ ምክንያት የሚኖረው ማን ነበር?

ነገር ግን የልጆቿን ስም ተከትለን ብንሄድ የልቧን መንገድ እናገኘዋለን። የበኵር ልጇን ሮቤል አለችው፤ እግዚአብሔር መከራዬን አይቷልና እንግዲህ ባሌ ይወደኛል ብላ ነው። ሁለተኛውን ስምዖን አለችው፤ መጠላቴን እግዚአብሔር ሰማ ብላ ነው። ሦስተኛውን ሌዊ አለችው፤ አሁንስ ባሌ ከእኔ ጋር ይተባበራል ብላ ነው። በሦስቱ ስሞች ሁሉ ከአምላኳ ጋር እየተነጋገረች የባሏን ፊት ትጠብቅ ነበር። አራተኛውን በወለደች ጊዜ ግን ስለ ባሏ ምንም አላነሣችም፤ እግዚአብሔርን ለማመስገን ብቻ ይሁዳ ብላ ጠራችው። ባሏ አልተለወጠም ነበር፤ ዐይኖቿም አልተለወጡም ነበር፤ የተለወጠው የምትመለከትበት አቅጣጫ ነው።

ፍሬውንም ተመልከቱ። ከሌዊ ሙሴና አሮን ተወለዱ፤ ከይሁዳ ዳዊት ተወለደ። አባቶቻችን እንዳስተማሩን እመቤታችን ድንግል ማርያም በአባቷ በኢያቄም ከይሁዳ ነገድ፥ በእናቷ በሐና ከሌዊ ነገድ ናት። ሁለቱም የልያ ልጆች ናቸውና፥ ክህነትም መንግሥትም፥ በመጨረሻም የመድኃኒታችን ሥጋ ከዚህች ካልተወደደች ሴት ወገን መጣልን። ራሔልን ለማሳነስ ይህን አንናገርም፤ እርሷም የጻድቁ የዮሴፍ እናት ናት። የምንናገረው፥ በሰው ዐይን ያልሞላች ሴት በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳች እንድታውቁ ነው። ያዕቆብም በስተርጅናው ሊሞት ሲል፥ ልያን ወደ ቀበረበት ወደ መክፌላ ዋሻ ወስደው ከአባቶቹ ጋር እንዲቀብሩት ልጆቹን አዘዛቸው።

በዚህ ትምህርት ላይ ሳለን የአንዲት ወጣት ነገር ትዝ ይለናል፤ እርሷም እንድንናገረው ፈቅዳለች። እጮኛዋ በጨዋታ መካከል «ዐይንሽ እንቅልፋም ነው» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን በስልኳ እያነሣች ስትመረምር ታድር ጀመር፤ ለጎጆ መውጫ ያጠራቀመችውንም ገንዘብ ለሕክምናው ልትሰጥ ተነሣች። ሐኪሙ ዐይኗ ምንም እንከን እንደሌለበት ነግሯታል። እኛም «ይህን ዐይን ከማን ወረስሽው?» ብለን ጠየቅናት፤ «ከአያቴ፥ እርሷ ናት ያሳደገችኝ» አለች። «በአያትሽ ፊት ላይ ሳለ ታፍሪበት ነበርን?» ብንላት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። አትከልከይም፥ ሂጂም አላልናትም። ሠርጉ እስኪያልፍ እንድትታገሥና እጮኛዋ ያላትን ቃል ለራሱ ለእጮኛዋ እንድትነግረው ብቻ መከርናት። ገና አልወሰነችም፤ ነገር ግን ያን ቃል ለእርሱ መንገሩ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ እንዳስፈራት ነግራናለች። ከዚህ የምናስተውለው ቍስሉ ያለበትን ስፍራ ነው፤ በዚያ ያለውን ቍስል በዐይን ቆብ ላይ በመቍረጥ ማዳን አይቻልም።

ስለዚህ በመጨረሻ ለሚጠይቁን ሁሉ የምንሰጠው ምክር ይህ ነው።

መጀመሪያ፥ ከውበት ሐኪም በፊት ወደ ዐይን ሐኪም ሂዱ። የቆብ መውረድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከቈዳ መላላት፥ ከጡንቻ መድከም ወይም ከቅንድብ መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ የእያንዳንዱም መድኃኒት ልዩ ነው። የዐይን ዙሪያ እብጠት ከአንገት ዕጢ ሕመም የሚመጣበት ጊዜም አለ። ይልቁንም የአንድ ዐይን ቆብ በድንገት የወረደ እንደ ሆነ፥ ከእርሱም ጋር አንዱ ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ቢኖር፥ ይህ የነርቭ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሁለተኛ፥ የምትሰሙት ድምፅ የማን እንደ ሆነ ለዩ። የባል ነውን? የማስታወቂያ ነውን? የስልክ ሥዕል ነውን? በቅርብ ተይዞ የተነሣ ሥዕል ፊትን እንደሚያዛባ ዕወቁ፤ ስልኩም ራሱ እያሳመረ የሚያሳየው ፊት ማንም ሰው የሌለው ፊት ነው። አንዱን አስተካክለው ሌላ ጕድለት ፈጥነው የሚያገኙ፥ በመስተዋት ፊት ሰዓታት የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ከምላጭ በፊት የልቡናቸውን ጭንቀት ለንስሐ አባትና ለአእምሮ ሐኪም ቢያሳዩ ይሻላቸዋል። እናንተም ባሎች ሆይ፥ በሚስቶቻችሁ ፊት ላይ አትቀልዱ። ሌሊት ስትታመሙ ስትጠብቃችሁ፥ ልጆቻችሁንም ስታስታምም የደከመውን ዐይን «አረጀ» ብላችሁ የምትንቁ ከሆነ፥ ሕክምና የሚያስፈልገው የእናንተ ዐይን ነው።

ሦስተኛ፥ ዋጋውን ቍጠሩ። ሥራው ቀላል ነው ቢሏችሁም ቀዶ ሕክምና ነው። ለአንድ ሁለት ሳምንት ያህል ያብጣል፥ ይጠቍራል፤ መልኩ የሚረጋውም ከወራት በኋላ ነው። ቈዳው ከመጠን በላይ የተቈረጠ እንደ ሆነ ዐይን በደንብ አይከደንም፥ ይደርቃልም። ከዐይን በስተኋላ የሚፈስ ደም ብርሃንን እስከ ማጥፋት የሚያደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህ እጅግ ጥቂት ቢሆንም የሚታሰብ ነገር ነው። ቆቡ ቢቃናም ዕድሜ መንገዱን አያቆምም። «የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ያ እህል ስለ ሆነ ይለቀማል፤ ተቈርጦ የተጣለ ቈዳ ግን አይለቀምም። ወጪው ከልጆች ትምህርት፥ ከወላጆች ጡረታ ወይም ከብድር የሚመጣ እንደ ሆነ፥ ያ ገንዘብ የእናንተ ብቻ አይደለምና ተዉት።

አራተኛ፥ ጊዜ ስጡት። መልክን ለማሳመር ብቻ የታሰበ ነገር ዛሬ ባይደረግ የሚያመጣው ጕዳት የለም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዐቢይ ጾም አሳድሩት፤ በ55ቱ ቀን ስለ መልካችሁ መመርመርን ተዉ፥ ጸልዩበት፥ ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩበት። ከትንሣኤ በኋላ አሳቡ ጠፍቶ ብታገኙት የሌላ ሰው ድምፅ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። አሳቡ ያለ ፍርሃትና ያለ ኀፍረት ጸንቶ ቢቈይ፥ ሐኪሙም ቢስማማ፥ የምትበድሉትም ሰው ባይኖር፥ ብታደርጉት ከእናንተ ጋር አንጣላም፤ ከቅዱስ ቍርባንም አናርቃችሁም።

ማድረግን የወሰነ ሰው በዚህ ሥራ በታወቀ ሐኪም ዘንድ በግልጥ ያድርገው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አይደብቅ። ዋጋ ረክሷል ብሎ ሩቅ አገር ሄዶ፥ ቍስሉን የሚከታተልለት ሳይኖር አይመለስ። ከሕክምናው በኋላ ጥቂት ቀናት ማጐንበስና መድከም ቍስሉን ያደማዋልና በዚያ ጊዜ ስግደት አይሰገድም፤ ስለዚህም በሰሙነ ሕማማት ቀጠሮ አትያዙ። ጠበልም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ በስፌቱ ላይ አይረጭ፤ እየጠጡ መጸለይ ይቻላል። ያላደረገም ሰው ባደረገው ላይ አይፍረድ፤ ያደረገም ባላደረገው ላይ አይመጻደቅ።

እናንተም ለዚህ ሥራ ገንዘብ ያላችሁ ሁሉ፥ ብትወስኑም ባትወስኑም፥ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን እየወጋው በወረንጦ የምትነቅለውን ያችን የገጠር እናት አስቧት። ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ሰው አጥታ የቀረች በየዘመዶቻችሁ መካከል አትጠፋምና፥ ጠይቃችሁ ፈልጓት፤ እጇን ይዛችሁም አድርሷት። ያን ያደረገ ሰው ቆቡ ቢወርድም ዐይኑ ተከፍቷል።

ወዳጆቻችን ሆይ፥ ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች ንጉሥ ሊቀባ በሄደ ጊዜ በታላቁ ልጅ ቁመናና መልክ ተማርኮ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን አመለካከቱ እንደ ሰው አመለካከት እንዳልሆነ፥ እርሱ የሚመዝነው ልብን እንደ ሆነ አስታወቀው። እኛም በመጨረሻዪቱ ሰዓት የዐይናችንን ቆብ ራሳችን አንከድነውም፤ የሚከድንልን የልጅ ወይም የወዳጅ እጅ ነው። ያ እጅ የሚዳስሰው ቆብ የላላ ይሁን የተቃና አይጠየቅም። የሚጠየቀው፥ በእርሱ ሥር የነበረው ዐይን ምን ሲመለከት እንደ ኖረ ነው። በትንሣኤም ቀን ጌታችን በገለጠልን ጊዜ ማንም ሰው ከፊቱ የተነሣ አያፍርም።

የልያን መከራ ያየ አምላክ በመልካቸው የሚያዝኑትን ያጽናና፤ የታመሙትን ዐይኖች ይፈውስ፤ የሐኪሞችን እጅ ይባርክ፤ ለሚጠራጠሩት ጥበብን፥ ለሚቸኵሉት ትዕግሥትን ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።